ቤተሰብ ሰብስቦ ላንጋኖ መውጣት፦ አርፎ ለመመለስ ዝርዝር መመሪያ

ዘመድ ተጠራርቶ ሐይቅ ዳር የሚወጣው ሊያርፍ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ግን ሌላ ነው። እናቶችና እህቶች አርብ ማታ ደርሰው እሁድ እስኪመለሱ ሽንኩርት ሲከትፉና ሰሃን ሲያጥቡ ይከርማሉ። ልጆቹን ውኃው ዳር የሚያይ ሰው አይኖርም፤ ሰኞ ደግሞ የመዋጮው ጭቅጭቅ ይከተላል። ምክንያቱ አንድ ነው፦ የአዲስ አበባው ወጥ ቤት እንዳለ ተጭኖ ላንጋኖ ይወርዳል። ድካሙ እዚሁ ከተማ ውስጥ አልቆ መውጣት አለበት።

ከታች ያለው ስሌት ለ20 ሰው (14 አዋቂ፣ 6 ልጅ)፣ ከአርብ ከሰዓት እስከ እሁድ፣ ለሁለት ሌሊት ነው። ቁጥራችሁ ከዚህ ከተለየ በዚያው ልክ አብዙ ወይም ቀንሱ። ሰዓቱ ሁሉ በኛው አቆጣጠር ነው።

1. ቀን መቁረጥ (ከ2 ወር በፊት)

ቀኑን በቴሌግራም ግሩፕ ከማውጣታችሁ በፊት ለትልልቆቹ በየተራ ደውሉ። አንዲት አክስት ወሬውን ከልጆች ከሰማች «እኔን ማን ነገረኝ» ብላ ትቀራለች፤ እሷ ከቀረች ሦስት ቤት አብሮ ይቀራል። ስትደውሉም ሁለት አማራጭ ቀን ይዛችሁ ይሁን። «መቼ ይመቻችኋል?» ብሎ ክፍት ጥያቄ መጠየቅ ጉዳዩን ለወራት ያጓትተዋል።

ቀን ስትመርጡ እነዚህን አስቡ፦

- ከጥምቀት (ጥር 11) ማግስት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለው ጊዜ ከሁሉ ይመቻል። ዝናብ የለም፤ የነነዌን ሦስት ቀንና ረቡዕና አርብን ካወጣችሁ ጾም የለም፤ የትምህርት ቤቶች የግማሽ ዓመት እረፍትም አብዛኛውን ጊዜ እዚያው አካባቢ ይውላል።
- የጥምቀትን ቀን ራሱን አትንኩ። ትልልቆቹ ከታቦቱ ተለይተው አይወጡም።
- በቤተሰቡ ሙስሊም ካለ የረመዳንን ቀን ቀድማችሁ እዩ። በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ስለሚቀድም ያለፈው ዓመት ቀን አይሠራም።
- ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ተዉት። ዝናብ ሁሉንም ሰው አንድ ሳሎን ውስጥ ያጉራል።

ላንጋኖ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያን ያህል መንገድ የማይችል አዛውንት ካለ ቢሾፍቱ ይሻላል፤ ከ50 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ነገር ግን እንደ ባቦጋያ ያሉት የቢሾፍቱ ሐይቆች የእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች ናቸው፤ ከዳሩ ጥቂት እርምጃ ገባ ሲሉ ወዲያው ይጠልቃሉ። ዋና ለማይችሉ ልጆች አሸዋማና ቀስ እያለ የሚጠልቀው የላንጋኖ ዳርቻ ይመረጣል። ቢሾፍቱን ከመረጣችሁ ኢሬቻ ሆራ አርሰዲ ላይ የሚከበርበትን የመስከረም መጨረሻ ቅዳሜና እሁድ አስወጡ፤ ከተማው ይሞላል፣ መንገዱም ይዘጋል።

2. መዋጮ

ለአዋቂ ሙሉ፣ ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ ግማሽ፣ ለአያቶች ምንም። ጠቅላላውን ስትሰሉ ለመጠባበቂያ 10 በመቶ ጨምሩ፤ ያልታሰበ ነዳጅ፣ የፈነዳ ጎማ ወይም የአንድ ሰው ሕክምና ከዚያ ይወጣል።

ገንዘቡን የሚሰበስበውና የሚያወጣው ሰው ይለያዩ። አንድ ሰው ሁለቱንም ከያዘ፣ የቱንም ያህል ታማኝ ቢሆን፣ መጨረሻ ላይ ይታማል። መዝጊያው ከጉዞው 3 ሳምንት በፊት ይሁን። አቅም ያነሰው ወንድም ወይም እህት ካለ አንድ ሰው ለብቻው አነጋግሮ ጉዳዩን እዚያው ይጨርስ፤ ስሙ በግሩፕ «ያልከፈሉ» ተብሎ አይውጣ።

ከውጭ የመጣ ዘመድ «ሁሉንም እኔ እችላለሁ» ካለ አንድ ነገር ብቻ ለይታችሁ ስጡት፦ የቤቱን ኪራይ ወይም የመኪናውን። አንድ ሰው ሁሉን ከቻለ ሌላው እንግዳ ይሆናል፤ እንግዳ ደግሞ ሰሃን አያጥብም።

3. ቤቱን ማረጋገጥ

በፎቶ ብቻ ቀብድ አትክፈሉ። ጠባቂው ወይም ባለቤቱ በቪዲዮ ደውሎ፣ ሳያቋርጥ፣ ከበሩ ተነስቶ በሳሎኑ አልፎ እስከ ውኃው ድረስ ካሜራውን እየያዘ ይሂድ። «ኔትወርክ የለም» እያለ ፎቶ ብቻ የሚልክ ደላላ ቢያጋጥማችሁ ሌላ ቤት ፈልጉ። በቪዲዮው ላይ የምታዩትና የምትጠይቁት ይህ ነው፦

- የውኃ ታንከር። ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር አስቡ፤ 20 ሰው በቀን 1,000 ሊትር ይጨርሳል። 2,000 ሊትር ሮቶ ካለ አርብ ሙሉ ሆኖ ይጠብቃችሁ፣ ቅዳሜ ማታም ይሞላ። ማን እንደሚሞላውና ክፍያው የማን እንደሆነ አሁኑኑ ተነጋገሩ።
- መጸዳጃ። ለ20 ሰው ከ3 በታች ከሆነ ጠዋት ጠዋት ሰልፍ ነው። ቢያንስ አንዱ ደረጃ የማይወጣበት ይሁን።
- አጎበር። ላንጋኖ ዝቅ ያለ ስምጥ ሸለቆ ነው፤ ወባ አለ። የአልጋና የፍራሽ ቁጥር ብቻ ሳይሆን የአጎበሩንም ቁጥር ጠይቁ፤ የጎደለውን ከቤት ያዙ።
- ማብሰያ። የጋዝ ሲሊንደሩ ሙሉ ነው? ስንት ምድጃ? የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን አትጫኑ። 3 ኪሎዋት ተኩል ገደማ ስለሚስብ የብዙ ቤቶችን ቆጣሪ ይጥላል፤ ጄኔሬተሩም አይችለውም።
- የፍሪጁ መጠን፣ የጄኔሬተሩ ነዳጅ፣ ከበሩ እስከ ውኃው ያለው ርቀት፣ በመካከል አጥር መኖሩና አለመኖሩ።

ቀብዱን በባንክ ወይም በቴሌብር ላኩና ቀኑ፣ የሰው ቁጥር፣ ቀሪ ክፍያ፣ ጉዞው ቢሰረዝ የሚመለሰው ገንዘብ በጽሑፍ መልእክት ይረጋገጥ። ከሳምንት በፊት ሁለተኛ ጊዜ ደውሉ። ቤቱ ለሌላ ተሰጥቶ ከሆነ የምታውቁት ያን ጊዜ ነው፤ ቀድማችሁ ካወቃችሁ ሌላ ለመፈለግ ጊዜ አላችሁ።

የመኝታ ድልድሉንም እዚሁ ጨርሱ። አያቶች ምድር ቤት፣ መጸዳጃው አጠገብ፤ ጨቅላ ያላት እናት በር የሚዘጋ ክፍል፤ ጎረምሶች ሳሎን ፍራሽ ላይ። ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከመነሳታችሁ በፊት ላኩ። በር ላይ ሻንጣ ይዞ «የኔ የት ነው?» የሚባልበት ሰዓት የመጀመሪያው ቅሬታ የሚወለድበት ነው።

4. ወጥ ቤቱን አዲስ አበባ ላይ መጨረስ

ይህን ክፍል አትዝለሉት። ላንጋኖ ላይ የሚከተፍ ሽንኩርት እንዳይኖር ነው ሐሳቡ።

የምግቡ ቅደም ተከተል፦ አርብ ማታ ጾም ነውና ሽሮ፣ ምስር ወጥና ጎመን፣ በስሎ ተጭኖ ይሞቃል። ቅዳሜ ምሳ ዶሮ ወጥ። ቅዳሜ ማታ ዓሣ ጥብስ በዳቦ። እሁድ ቁርስ በተረፈው እንጀራ ፍርፍር፣ ምሳ ከቅዳሜ የተረፈው ወጥ። ቅዳሜ ቁርስ ጨጨብሳ፤ ቂጣው ሐሙስ ተጋግሮ ይቆራረጥ፣ እዚያ ቅቤና በርበሬ ብቻ ይነካው።

ዶሮ ወጡ እንዲህ ይሠራል፦

ሀ. ሐሙስ ጠዋት 7 ኪሎ ተኩል ቀይ ሽንኩርት (ለአንድ ዶሮ 2 ኪሎ ተኩል) አድቅቃችሁ ክተፉ፤ ያለ ዘይት፣ ጠብታ ውኃ እያደረጋችሁ አቁላሉ። ሲጠቁር 1 ሊትር ዘይት፣ ከዚያ 600 ግራም በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል። በርበሬው ከገባ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል በቀስታ እየተማሰለ ይንተክተክ። ቅቤ አሁን አይገባም። ቅቤ የሌለው ቁሌት ለጾመኛም ይሆናል።

ለ. ቁሌቱን ከድስቱ ወደ ሰፊ ትሪ ገልብጡ፤ ከ3 ጣት አይወፍር። በሁለት ሰዓት ውስጥ እጅ ሲነካው ሙቀት የማይሰማው መሆን አለበት። ከዚያ በ2 ሊትር ዕቃ ከፋፍላችሁ ሳትከድኑ ፍሪጅ አስገቡ፤ ሲበርድ ክደኑ። ብዙ ሰው ትኩሱን ድስት ከነክዳኑ ጠቅልሎ ያድራል። እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ጤዛ ሆኖ ወደ ወጡ ይመለሳል፣ መካከሉም ሌሊቱን ሙሉ ለብ እንዳለ ያድራል፤ ቅዳሜ ሲከፈት ይኮመጥጣል፣ አረፋም ያወጣል። እንዲህ የሆነ ቁሌት ይደፋ። ደግሞ ማፍላት አያድነውም።

ሐ. 3 ዶሮ በ12 በ12 ብልት ይውጣ፣ በሎሚና በጨው ታጥቦ ረቡዕ ማታ ፍሪዘር ይግባ። አርብ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ይጫናል፤ በበረዶ ሳጥኑ ውስጥ ራሱ በረዶ ሆኖ ያገለግላል፣ ቅዳሜ ጠዋትም ይቀልጣል። 20 ዕንቁላል ተቀቅሎ ሳይላጥ ይያዝ።

መ. ቅዳሜ 4 ሰዓት ላይ ቁሌቱን አሙቁ፣ ዶሮውን ጨምሩ። የፈረንጅ ዶሮ በ45 ደቂቃ ይበስላል፤ የአበሻ ዶሮ ከዚያ በላይ ስለሚፈልግ ቀድሞ ይጣድ። መጨረሻ ላይ ጨው፣ ቅቤ፣ መከለሻና ዕንቁላሉ። ሁለት ሰው ይበቃል።

እንጀራ። ላንጋኖ ሙቀት ላይ እንጀራ ቶሎ ይሻግታል። 80 እንጀራ ለአርብ ጠዋት እዘዙ፤ ከምጣድ ወርዶ ሙሉ በሙሉ ሳይበርድ በፕላስቲክ አይታሰር። በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ በካርቶን ይጫን፣ ከበረዶ ሳጥኑ ይራቅ። ቅዳሜ ማታ ላይ አረንጓዴ ነጥብ ያለበት ከተገኘ እሱንና ከላይና ከታች የነካውን አውጡ፤ ቀሪው ወዲያው ለፍርፍር ተቆራርሶ ይድረቅ።

ዓሣ። ጠባቂው ከአጥማጅ እንዲያዝ ሐሙስ ንገሩት፤ ለአዋቂ አንድ መካከለኛ ቆሮሶ። ስንጥቡ (ጆሮ ሥሩ) ቀይ፣ ዓይኑ ጥርት ያለ ካልሆነ መልሱት። ዓሣው ከቀረ ለመተኪያ 3 ኪሎ ፓስታና ስልስ ይኑራችሁ።

ሙስሊምና ክርስቲያን አብሮ የሚሄድ ከሆነ ሁለት ዶሮ ወጥ ይሠራል፦ ሥጋው ከየራሱ፣ ድስቱና ማማሰያው የተለየ፣ ክዳኑ ላይ ባለቀለም ጨርቅ የታሰረበት። ቁሌቱ የጋራ ሊሆን ይችላል።

ውኃና በረዶ። 30 ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ጠርሙስ ማክሰኞ ፍሪዘር ይግባ (ጫፍ ድረስ አትሙሉ፣ ይፈነዳል)። በየዘመዱ ቤት አከፋፍሉት፤ አንድ ፍሪዘር አይችለውም። ሲቀልጥ ይጠጣል። ከዚህ ሌላ ለአንድ ሰው በቀን 3 ሊትር የመጠጥ ውኃ አስቡ።

ቡና። 1 ኪሎ ጥሬ ቡና ይበቃል። ሙቀጫውን አትርሱ።

5. መኪናና አወጣጥ

ለ20 ሰው ኮስተር ይሻላል፤ ሁለት ሚኒባስ ከያዛችሁ አንዱ ሁልጊዜ ሌላውን ይጠብቃል። ከመዋዋላችሁ በፊት መኪናውን በዓይን እዩ፦ ቦሎው፣ የሦስተኛ ወገን መድኑ፣ ስኮርታ ጎማው፣ ክሪኩ። የሾፌሩ አበል፣ ምግብና መኝታ ከኪራዩ ጋር ይታሰብ፤ በደንብ ያልተኛ ሾፌር እሁድ ከሰዓት ያንቀላፋል።

መሰብሰቢያው አንድ ቦታ ይሁን። የካዛንቺስና የፒያሳ ሰው ዛሬ በየኮንዶሚኒየሙ ስለተበተነ በየቤቱ እየዞሩ ሰው መልቀም ብቻውን ግማሽ ቀን ይበላል። ሁሉም በራሱ ወደ መስቀል አደባባይ ወይም ስታዲየም አካባቢ ይምጣ። ዕቃ ግን ጎዳና ዳር ቆማችሁ አትጫኑ፤ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ግቡ፣ ወይም ዋዜማውን ማታ ምግቡ የተሠራበት ቤት በር ላይ ጫኑ።

አጫጫን፦ ፍራሽና ሻንጣ ፖርቶመጋላ ላይ፣ በሸራ ተሸፍኖ። የበረዶ ሳጥን ከኋላ ወንበር ሥር፣ ፀሐይ በማያገኘው በኩል። መጨረሻ የሚጫነው መጀመሪያ የሚፈለገው ነው፦ የአርብ እራት፣ የሽንት ቤት ወረቀት፣ አጎበሩ፣ የእጅ ባትሪ።

መነሻው 6 ሰዓት ተኩል ነው፤ ለዘመዱ ግን 5 ሰዓት ተኩል ብላችሁ ንገሩ። 7 ሰዓት ላይ ያልደረሰ ቅዳሜ ጠዋት በሌላ መኪና ይምጣ፤ ይህ ቀድሞ ተነግሮ ከሆነ ማንም አይቀየምም። ከመነሳታችሁ በፊት ለጠባቂው ደውላችሁ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ። መንገዱ ጥሩ አይደለም ካለ አትሟገቱ፤ ቀኑን አዛውሩ።

በቱሉ ዲምቱ የክፍያ መንገዱን ትይዛላችሁ፣ ሞጆ ላይ ወደ ባቱ (ዝዋይ) ትታጠፋላችሁ። የፍጥነት መንገዱ ላይ እንደልብ አይቆምም፤ ልጆቹ ከመግባታችሁ በፊት ሽንት ቤት ይሂዱ። ከባቱ በኋላ ከብት፣ ጋሪና ባጃጅ መንገዱ ላይ ስላለ ሳይጨልም፣ ከ12 ሰዓት በፊት ለመግባት አስቡ።

ኢንሱሊን የሚወስድ አዛውንት ካለ መድኃኒቱ በበረዶ ሳጥኑ ውስጥ አይጣል። በረዶ የነካው ኢንሱሊን ቀዝቅዞ ይበላሻል። በፎጣ ተጠቅልሎ ለብቻው፣ ቀዝቃዛ ውኃ ካለበት ጠርሙስ አጠገብ፣ በእጅ ቦርሳ ይያዝ። የግፊት መድኃኒትም የሁለት ቀን ትርፍ ይኑረው።

6. ውኃው ዳር

የላንጋኖ ውኃ ቡናማ ነው። ጉልበት በማይሞላ ውኃ ውስጥ የወደቀ ልጅ ክንድ ርቀት ላይ ሆኖም ላይታይ ይችላል። «ብዙ ሰው አለ፣ የሚያይ አይጠፋም» የሚለው አነጋገር አደገኛ ነው፤ ብዙ ሰው ሲኖር ሁሉም ሌላው የሚያይ ይመስለዋል።

ስለዚህ፦

- አንድ አዋቂ፣ በ30 ደቂቃ ተራ፣ ፊሽካ አንገቱ ላይ፣ ስልኩን ለሌላ ሰው ሰጥቶ ይቁም። ፊሽካው ከእጅ ወደ እጅ ሳይተላለፍ ማንም ቦታውን አይለቅም። ተራው በወረቀት ይጻፍ፤ አርብ ማታ በር ላይ ይለጠፍ።
- ልጆች ከመግባታቸው በፊት ሁለት አዋቂ ወለሉን በእግር እየዳሰሱ ይሂዱ፤ ለልጆቹ ወገብ በሚደርስበት ላይ እንጨት ተክለው ገመድ ይወጥሩ።
- የዋና ሰዓት ጠዋት ከ2 እስከ 5። ከሰዓት ነፋሱ ይነሳና ሞገድ ያመጣል። በአየር የሚነፋ ጎማና ፍራሽ ነፋሱ ወደ መሐል ይዞት ይሄዳል፤ አታስገቡ።
- ከጨለመ በኋላ ማንም ውኃ ዳር አይሂድ። ጉማሬ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። የጠጣም ቀን ቢሆን አይገባም።
- በመንገዳችሁ ባቱ (ዝዋይ) ሐይቅ ላይ ልግባ የሚል ካለ ከልክሉ፤ ቢልሃርዚያ አለበት።

ክዳኑ የጠበቀ ባዶ የ20 ሊትር ጀሪካን እጀታው ላይ 15 ሜትር ገመድ አስራችሁ ዳር አስቀምጡ። የሚሰምጥ ሰው ካያችሁ አትዝለሉ፤ የሚሰምጥ ሰው አዳኙን ይዞ ይወርዳል። ጀሪካኑን ወርውሩለት፣ ሲይዝ ጎትቱ። ወጥቶ ካልተነፈሰ በጀርባው አስተኙ፣ አገጩን ቀና አድርጉ፣ አፍንጫውን ይዛችሁ 5 ጊዜ በአፉ ተንፍሱለት፤ ምላሽ ከሌለ 30 ጊዜ ደረቱን መሐል ግፉ፣ 2 ጊዜ ተንፍሱ፣ እየደጋገማችሁ ቀጥሉ። ሌላ ሰው መኪናውን ያስነሳ፤ ባቱ ሆስፒታል አለ። ለዚህ ነው በየቀኑ አንድ የማይጠጣ ሾፌር የሚመደበው። ውኃ ጠጥቶ የተረፈ ልጅ ደህና ቢመስልም ሐኪም ይየው።

ከ5 እስከ 9 ሰዓት ጥላ ሥር ዋሉ። ከ12 ሰዓት ጀምሮ እጅጌው ረጅም ልብስ። ከተመለሳችሁ ከሳምንት በኋላ ትኩሳት ያመጣ ሰው የደም ምርመራ ያድርግ፣ ላንጋኖ እንደነበረም ለሐኪሙ ይንገር።

7. ሁለቱ ቀናት

የሥራ ተራ። ሁለት ሁለት ሰው ለእያንዳንዱ ማዕድ፤ አንድ ትልቅና አንድ ወጣት፣ ወንዶቹም በተራው አሉበት። ለሰሃን እጥበት ከአካባቢው የምትሠራ ሰው በጠባቂው በኩል ቀጥሩ፤ ክፍያዋን ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ከመዋጮው በዚህ የሚወጣው ብር በጣም የሚክስ ነው።

ቡናው። ውኃው ጫፍ ላይ አይፈላም፤ ነፋሱ የከሰሉን ፍንጣሪ ወደ ልጆቹና ወደ ሣር ጣሪያው ይነዳዋል። ቤቱን ለነፋስ መከለያ አድርጋችሁ፣ በረንዳ ላይ።

ቅዳሜ ከ11 ሰዓት በፊት ሁሉም ታጥቦ ልብስ ለውጦ የጋራ ፎቶው ይነሳ። እሁድ ስትሄዱ ይነሳል ከተባለ ግማሹ መኪና ውስጥ ነው። ከፎቶው ቀጥሎ ቡናው እየፈላ ትልልቆቹን የዘር ሐረግ ጠይቁ፤ አንድ ሰው ስልኩን አጠገባቸው አስቀምጦ ይቅዳ፣ ሌላው በሰፊ ወረቀት ይጻፍ። ጥያቄው ጠባብ ይሁን፦ «የእማማ ታላቅ ወንድም ማንን አገባ? የት ተቀበረ?» «ስለ ድሮ ንገሩን» ከተባሉ አጭር መልስ ነው የሚሰጡት። ማይክና ፕሮግራም መሪ አያስፈልግም፤ አያቶች ድምፃቸውን ይቆጥባሉ።

የውርስ፣ የካሳ፣ የፈረሰው ቤት ጉዳይ ላንጋኖ ላይ አይነሳም። ይህን ከቤተሰቡ የሚከበር ሰው አርብ እራት ላይ ይናገር። ከተነሳም አታከራክሩ፦ አዲስ አበባ ላይ የሚነጋገሩበትን ቀን እዚያው ቁረጡ፣ በወረቀት ጻፉ፣ ወሬውን አዙሩ።

8. መመለስ

እሁድ ምሳ 5 ሰዓት ተኩል፣ መነሻ 7 ሰዓት። ከዚያ ካለፈ ቱሉ ዲምቱና ቃሊቲ ላይ ከምሽቱ መጨናነቅ ጋር ትገናኛላችሁ።

ሻንጣ ከመጫኑ በፊት ከጠባቂው ጋር ክፍል በክፍል ዙሩ፦ ፍራሽ፣ ብርጭቆ፣ የተሰበረ ነገር፣ የጋዝ መጠን። የተሰበረውን እዚያው ከፍላችሁ መያዣችሁን ተቀበሉ፤ «በኋላ እንልካለን» የተባለ ብዙ ጊዜ አይላክም። ቆሻሻውን በማዳበሪያ ከረጢት ሰብስባችሁ ጠባቂው የሚያሳያችሁ ቦታ አድርሱ፤ ጠርሙስና ፌስታል አሸዋው ላይ አይቅር። የጀሪካኑን ገመድና የተከላችሁትን እንጨት ንቀሉ።

ገንዘብ ያወጣው ሰው ደረሰኞቹን በፎቶ ከነዝርዝሩ እስከ ማክሰኞ ማታ ግሩፑ ላይ ያውጣ። የተረፈ ብር ካለ በነፍስ ወከፍ ተከፍሎ ይመለስ፤ ወይም ሁሉም ከተስማማ ለሚቀጥለው ዓመት ቀብድ ተብሎ በሰብሳቢው ስም ይቀመጥ፣ መጠኑም በግሩፑ ላይ ይሰካ።